መረጃ ሌላ፣ ለወደፊት ያሰብነው ሌላ፦ እናንተ የት ነው ምታስቀምጡት?

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ጥያቄም አለኝ አቋምም አለኝ፣ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። ድሬዳዋ ፍሪጅና ኤሲ ጥገና ነው ምሰራው፣ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ሚያዝያ ገብቶ ሙቀቱ ሲጀምር ስልኬ አያርፍም። የምከፍተውን ማሽን ሁሉ ላዩ ላይ ያለችውን ፕሌት ፎቶ አነሳለሁ፣ ሞዴሉን፣ የጋዙን ዓይነት፣ ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ) ስንት እንደሆነ። ለኛ ስራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አር 22 በሚባለው ጋዝ የሚሰራ ኤሲ ላይ አር 410 ኤ የሚባለውን ብትሞላበት ግፊቱም ዘይቱም አይገጥምም፣ ኮምፕሬሰሩን ገደልከው ማለት ነው፣ የሰው ገንዘብ ነው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ደወለልኝ፣ አምና ኤሲውን ሰርቼለታለሁ፣ ካፓሲተሩ መቀየር አለበት፣ ቁጥሩን አውቃለሁ ምክንያቱም ፎቶ አንስቼዋለሁ። ግን ፎቶው ስልኬ ውስጥ ካሉት አራት ሺህ ምናምን ፎቶዎች መሀል ነው፣ ከልጄ የልደት ፎቶ፣ ከባንክ ደረሰኝ፣ ሰው ከላከልኝ ቀልድ ጋር ተደባልቋል። አንድ ሰዓት ፈልጌ አጣሁት። በቀትር ጣሪያ ላይ ወጥቼ ማሽኑን ድጋሚ ፈታሁት፣ ቆርቆሮው እጄን አቃጠለኝ። የባሰው ደሞ ያንን ስፈልግ ያገኘሁት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀፊራ ገበያ አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጡ እናቶች ቲማቲሙ እስከ ማታ እየፈረሰባቸው ሲጥሉት አይቼ፣ በአሮጌ የኤሲ ማሽን ትንሽ ቀዝቃዛ ክፍል ሰርቼ በቀን ሂሳብ ማከራየት ይቻላል ብዬ አስቤ ነበር፣ በእጄ ስዕሉን ሰርቼ፣ የቆርቆሮና የፎም ዋጋ ጠይቄ፣ ፎቶ አንስቼ አስቀመጥኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ረስቼዋለሁ በቃ። ሳየው ውስጤ አዘነ፣ እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ጠይቄው የነበረው የዕቃ ዋጋ ዛሬ የለም።

ከዛ ቁጭ ብዬ ሳስበው ስህተቴ ስልክ መሙላቱ አይደለም፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን አንድ ጆንያ ውስጥ መክተቴ ነው። የማሽን ቁጥር፣ የካርታ ኮፒ፣ የቲን ቁጥር፣ የልጅ የክትባት ካርድ፣ እነዚህ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ ስፈልጋቸው እኔ ነኝ ምሄድባቸው፣ እስከዛ ባያቸውም ባላያቸውም ምንም አይሆኑም። የወደፊት ሐሳብ ግን እንደዛ አይደለም፣ እሱ በሆነ ቀን መጥቶ ካላንኳኳብኝ እኔ ሄጄ አልፈልገውም፣ መኖሩንም እረሳዋለሁ። ስለዚህ ቦታቸው መለየት አለበት ነው ምለው። እናንተ እንዴት ነው ምታደርጉት? በወረቀት ነው በስልክ? ስራ ላይ ያለ ሰው የሚችለውን ንገሩኝ።

(ይሄን ከጻፍኩ አምስት ቀን ሆነው፣ መልሱ ስለበዛ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ ከታች በየቁጥሩ ምን እንደተባለ ልንገራችሁ፣ የኔንም አስተያየት ጨምሬበታለሁ።)

መልስ 1 ሳቢያን የሚኖሩ ጋሼ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። በጣም በትህትና ሰላምታ ሰጥተው እሳቸው ለረጅም ዓመት አንድ ዘዴ ብቻ እንደተጠቀሙ ጻፉ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር፣ ከፊት በኩል መረጃ፣ ገልብጠው ከኋላ በኩል ደሞ ያሰቡትን። ሁለቱ መሀል ላይ ሲገናኙ ደብተሩ አለቀ ማለት ነው። እኔን የገረመኝ አዲስ ደብተር ሲጀምሩ የሚያደርጉት ነው፣ ከኋላ ያሉትን ሐሳቦች አንድ በአንድ በእጃቸው ይገለብጣሉ፣ ለመገልበጥ የታከታቸውን ሐሳብ ይተዉታል። ለመጻፍ ካልተጋሁለት ለመስራትም አልተጋም ብለው ነው። ይሄን አንብቤ ብዙ ቆየሁበት።

መልስ 2 ወጣት ነው፣ አጭር። ደብተር የድሮ ነው፣ ሁሉንም ቴሌግራም ላይ ለራስህ ላክ፣ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ሀሽታግ አርገህ አስቀምጥ፣ ስትፈልግ ሰርች በቃ፣ ነው ያለው። ብዙ ላይክ አገኘ።

መልስ 3 ግን ልክ ልኩን ነገረው። ሶፍትዌር የሚሰራ ልጅ ነው፣ ከዚራ ነው ያለው፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ ነው የጻፈው ግን ከዚህ ሁሉ መልስ ውስጥ ለኔ በጣም የጠቀመኝ እሱ ነው። ያለው ምንድነው፣ በአማርኛ ሰርች ማድረግ እንደ እንግሊዝኛው አይደለም። አንዱ ቀን ሥራ ብለህ በንጉሡ ሠ ትጽፋለህ፣ ሌላ ቀን ስራ ብለህ በእሳቱ ሰ፣ ለማሽኑ ሁለቱ ሌላ ሌላ ቃል ናቸው። ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሀይ፣ አንዱን ስትፈልግ ሌላው አይመጣም። ዓመትና አመት፣ ኃይልና ሀይል እንደዛው። ሁለተኛ፣ ቃላችን ፊቱ ላይ ፊደል ይለጠፍበታል። የኮምፕሬሰሩ ብለህ ጽፈህ ኮምፕሬሰር ብለህ ብትፈልግ፣ ከቃሉ መጀመሪያ ብቻ የሚያነብ አፕ አያገኘውም፣ ለሱ ቃሉ የሚጀምረው በየ ነው። በዛ ላይ ግማሹን በላቲን ፊደል እንጽፋለን። ሀሽታጉም ያው ችግር አለበት አለ፣ ሀሽታግ ስለሆነ ፊደሉ አይስተካከልም።

የሱ መፍትሔ ቀላል ነው። ማስታወሻው ምንም ይሁን የመጀመሪያው መስመር ላይ ሦስት ቃል ራቁቱን ይጽፋል፣ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ሳይጨምር፣ ፊደሉም ሁሌ አንድ ዓይነት፣ ሀ ብቻ፣ ሰ ብቻ፣ አ ብቻ፣ ጸ ብቻ። ለምሳሌ ለኔ ቢሆን ኤሲ ሳቢያን ካፓሲተር ማለት ነው። የሚጠቀምባቸውን ቃላት ደሞ አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፏቸዋል፣ ከዛ ዝርዝር አይወጣም። መጨረሻ ላይ ቴሌግራም ለተወሰኑ ወራት ካልተከፈተ አካውንቱን በራሱ የሚያጠፋበት ሴቲንግ እንዳለው አስታወሰን፣ ሁሉ ነገራችሁን እዛ የምታስቀምጡ ቢያንስ ጊዜውን አራዝሙት ብሏል።

መልስ 4 የ2 ቁጥሩ ልጅ ተመልሶ መጣ፣ ተከፍቶ ነበር፣ ማንም አዋቂ ነኝ እያለ ሰው አያንቋሽሽ አለ። ግን ከዛው በታች ስልኩ ላይ ሞክሮ የራሱን የቤት ኪራይ ውል እንዳላገኘው አመነ፣ የቤት ኪራይ ብሎ ነው የጻፈው፣ የፈለገው ደሞ ቤት ኪራይ ብሎ። ወንድሜ ይሄን ስላልሸሸግክ አከብርሃለሁ።

መልስ 5 የሂሳብ ባለሙያ የሆነች እህታችን ናት። ስለ ደረሰኝ ጻፈች፣ አቦ ይሄን ስንቶቻችን ነን ምናውቀው? የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ጽሑፉ በቀለም የተጻፈ አይደለም፣ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነው። ስለዚህ በድሬ ሙቀት መኪና ዳሽቦርድ ላይ ወይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከተውከው ወይ ይደበዝዛል ወይ ሙሉው ይጠቁራል። እሷ የተቀበለችውን ቀን ፎቶ ታነሳለች፣ ትልልቁን ደሞ ፎቶ ኮፒ ታስደርጋለች፣ ኮፒው ነው የሚቆየው። ዋናውን ደረሰኝ ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት ብላለች፣ ከላስቲኩ ጋር ሲጣበቅ ጽሑፉን ያጠፋዋል።

ፋይል ስትሰይም ሁሌ ዓመት፣ ከዛ ወር፣ ከዛ ቀን፣ ከዛ ስም። እንደዛ ሲሆን ኮምፒውተሩ በራሱ በተራ ይደረድረዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር ተናገረች፣ የኛን ዘመንና የፈረንጁን አታደባልቁ። አንዱ ፋይል 2016 ሲል በኛ ነው፣ ሌላው 2016 ሲል በእነሱ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው፣ ኦዲት ሲመጣ ማን ያስታውሳል። አንዱን ምረጡ፣ እስከመጨረሻው በሱ ሂዱ ነው ያለችው። ስልክ ፎቶውን በፈረንጅ ቀን ስለሚመዘግብ ለፎቶ የነሱን፣ ለወረቀት የኛን ምትሉ ካላችሁ ደሞ ቢያንስ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ጻፉበት ብላለች።

መልስ 6 ከሐረር ነው፣ ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ አባት ናቸው፣ ልጃቸው እየጻፈላቸው። መጀመሪያ ከርዕሱ የወጡ መስሎኝ ነበር። ስለ ድሮ የእጅ ጽሑፎች ነው ያወሩት፣ ሐረር መጽሐፍ የሚጠረዝባት ከተማ እንደነበረች፣ አሁንም ሸሪፍ ሙዚየም፣ ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ውስጥ፣ አሮጌ መጻሕፍት እየተጠገኑ እየተጠረዙ እንደሆነ። ከዛ ወደ ጉዳዩ መጡ። ድሮ ሰው የልጁን ልደት፣ የዕዳ፣ የሽያጭ ነገር የሚጽፈው በየቦታው በተገኘ ወረቀት አልነበረም፣ በቅዱስ መጽሐፉ ባዶ ገጽ ላይ ነበር። ክርስቲያኑም እንደዛው፣ የርስት ስጦታ በወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ለምን ቢሉ ያንን መጽሐፍ ማንም አይጥለውም፣ ቤት ሲቃጠል እንኳን መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ስለዚህ የሳቸው ምክር፣ መረጃህን ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀውና ማንም በማይጥለው ነገር ውስጥ አስቀምጥ ነው። የኔ ስልክ በተቃራኒው ነው፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰረቀው እሱ ነው። አባቴ እድሜ ይስጥልኝ።

መልስ 7 ላይ ነው ጨዋታው የተበላሸው። አንዱ መጣና ይሄ ሁሉ የስራ ፈት ወሬ ነው አለ፣ ሰው ወይ ይሰራል ወይ ፎልደር ይሰይማል፣ ቀዝቃዛ ክፍሉን ያልሰራኸው ፎቶው ስለጠፋብህ ሳይሆን ስለፈራህ ነው አለኝ። ቃሉ ከበደኝ አልዋሻችሁም። ግን አንድ ቀን ካሰብኩበት በኋላ ግማሹን ተቀብያለሁ፣ ገንዘብ ማውጣቱን ፈርቼ ነበር። ግማሹን ግን አልቀበልም፣ የፈራሁትን ነገር በየወሩ ባየው ኖሮ ወይ እደፍር ወይ ቁርጤን አውቄ እተወው ነበር።

መልስ 8 እና 9 እሱን ለመመለስ የመጡ ናቸው፣ 8ኛው ስድብ ስለነበረበት አልደግመውም፣ አስተዳዳሪው አንስቶታል። 9ኛዋ ሳይኮሎጂ የተማረች ናት። ብሉማ ዘይጋርኒክ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣችውን ጠቀሰች፣ ሰው ከጨረሰው ስራ ይልቅ ተጀምሮ የተቋረጠው አእምሮው ውስጥ እንደሚቆይ። ከዛ ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ደሞ ያልተጨረሰው ነገር ራስን መረበሹን እንዲያቆም የግድ መጨረስ እንደማያስፈልግ፣ መቼና እንዴት እንደሚሰራ እቅድ ማውጣቱ ብቻ እንደሚበቃ። ስለዚህ መጻፍ ስንፍና አይደለም፣ ግን ቀን የሌለው ጽሑፍ እቅድ አይባልም አለች። 7 ቁጥሩ አልመለሰም።

መልስ 10ን ሳነብ ሱቁን ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት። ደቻቱ ዳር ያደገች እህት ናት። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ጎርፉ ሲመጣ ልጅ ነበረች። ያንን ሌሊት የድሬ ሰው አይረሳውም፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሄደው። እነሱ በነፍስ ተርፈዋል፣ ግን የአባቷ የስራ ደብዳቤ፣ የቤቱ ወረቀት፣ የሷም የትምህርት ማስረጃ፣ ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ሳጥኑ ሄደ። ከዛ በኋላ እያንዳንዱን ወረቀት መልሶ ለማውጣት የሄዱበትን ቢሮ ብዛት ጻፈች፣ ስትጨርስ አንድ ልመና ብቻ አላት፣ ኮፒው ከዋናው ጋር አንድ ቤት አይደር። ሐረር ዘመድ ያለው ሐረር ያስቀምጥ፣ ለኢሜይሉ ይላክ፣ ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነጻ ይሰጣል፣ ለወረቀት ከበቂ በላይ ነው። ከዚህ በኋላ የጻፈ ሰው ሁሉ ድምጹን ዝቅ አድርጎ ነው የጻፈው።

መልስ 11 የመጣው ከአንድ የቢሮ ሰራተኛ ነው። ፈረንጆቹ 43 ፎልደር የሚሉት ነገር አላቸው፣ ለወሩ ቀናት 31፣ ለወራቱ 12። ለወደፊት ያሰብከውን በወረቀት ጽፈህ እንዲመጣልህ በምትፈልገው ወር ፎልደር ትከታለህ፣ ወሩ ሲገባ አውጥተህ በየቀኑ ፎልደር ትበትነዋለህ፣ ጠዋት ጠዋት የዛን ቀኑን ብቻ ትከፍታለህ። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። መልስ 12 ግን ምን አለ መሰላችሁ፣ በኛ አቆጣጠር ቀኑ 30 ነው፣ ወሩ 13 ነው፣ ሲደመር ያው 43! ስንት ሰው ተገረመ፣ እኔ ራሴ በጣቴ ቆጠርኩት። አንዱ ፎልደር አይተርፍም አንዱ አይጎድልም፣ እንደውም የኛ ይሻላል፣ ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ እኩል 30 ስለሆነ እንደ ፈረንጁ ፌብሩዋሪ ባዶ የሚሆን ፎልደር የለም።

መልስ 13 ተቃወመ፣ ጳጉሜ አምስት ወይ ስድስት ቀን ናት፣ ለሷ ሙሉ ፎልደር ማባከን ነው አለ። መልስ 14፣ እናት ናቸው፣ ጀበና ቡና የሚሸጡ፣ እንዲህ መለሱለት። እሳቸው በጳጉሜ ቤታቸውን ሲያጸዱ ሳጥናቸውንም ያራግፋሉ፣ የማይሆነውን ይጥላሉ፣ የዘንድሮ ዕቁብ ሲወጣ ለምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ይወስናሉ። እና የጳጉሜ ፎልደር የሐሳብ ማጽጃ ይሁን፣ ዓመቱን ሙሉ ቀን ያጣ ሐሳብ ሁሉ እዛ ይግባ፣ በእነዛ ቀናት አንድ በአንድ ታይቶ ወይ ቀን ይሰጠው ወይ ይሰናበት። 1 ቁጥሩ ጋሼም መጥተው ከደብተር መገልበጡ ጋር አንድ ነው ብለው አመሰገኗቸው። እኔም ይሄን ይዣለሁ።

ከ15 እስከ 18 ያለው ስለ ምርቃና ነው፣ ድሬ ሆነን ሳይነሳ አይቀርም ነበር። አንድ የባጃጅ ሾፌር የጀመረው ሲሆን ከሰዓት ሲቅም የሚመጣለት ሐሳብ ማለቂያ የለውም፣ ሆቴል ይከፍታል፣ ጅቡቲ ድረስ ዕቃ ይጭናል፣ ጠዋት ሲነሳ ግን ምንም የለም፣ ወይ አያስታውሰውም ወይ ያፍርበታል። እነዚህን ሐሳቦች መመዝገብ ነው መተው? ብሎ በቅን ልቡ ጠየቀ። 16 ጫቱን ተው፣ ሐሳቡም ይተውሃል ብሎ ቆረጠው። 17 ደሞ በጣም ተቆጣ፣ ሰው ምክር ጠየቀ እንጂ ስብከት አልጠየቀም፣ እኛ ሀገር ስንት ንግድ የተጀመረው በርጫ ላይ ነው አለ። ሁለቱ ትንሽ ተጎሻመጡ። 18 አስታረቃቸው ባይባልም ጥሩ ነገር አመጣ፣ የምርቃናን ሐሳብ ጻፈው ግን በዛው ሰዓት ለማንም አትደውል፣ ብርም አታውጣ፣ ሦስት ቀን ቆጥረህ ጠዋት ላይ ፎልደሩ ውስጥ ይምጣልህ፣ ጠዋትም ጥሩ ከመሰለህ ያኔ ሐሳብ ነው። ለኔ ይሄ ለቃሚ ብቻ አይደለም፣ በንዴትም በደስታም ለሚመጣ ሐሳብ ይሆናል።

19 እና 20 ስለ ምስጥ ነው፣ ወረቀት በሐረር ይሻላል በድሬ፣ ከዛ የትኛዋ ከተማ ትሻላለች ወደሚለው ዞሮ ሄደ፣ እለፉት። ከዛ ውስጥ የሚጠቅመው የወረቀት ሳጥን መሬት ላይና ግድግዳ ተጠግቶ አይቀመጥ የሚለው ብቻ ነው።

እኔ እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። 43 ቡናማ ፖስታ ገዝቼ ቁጥርና ወር ጽፌባቸው የጫማ ካርቶን ውስጥ ደርድሬ ከሱቁ ጠረጴዛ በታች አስቀምጫለሁ። የማሽን ፎቶዎቹን ደሞ ማታ ማታ ሃያ ሃያ እያልኩ ወደ አንድ ፎልደር እየወሰድኩ በ3 ቁጥሩ ዘዴ ሦስት ሦስት ቃል እየሰጠኋቸው ነው፣ እስከ ትናንት መቶ ሰማንያ ደርሻለሁ። የሚጠፉ ነገሮችን በየዓይነቱ ኮፒ አድርጌ ሐረር ታላቅ እህቴ ጋር ልኬያለሁ። የቀዝቃዛ ክፍሉን ስዕል አትሜ የመጪው ወር 5 ላይ እንዲወጣ ከትቼዋለሁ፣ ያን ቀን ቀፊራ ሄጄ ሦስት እናቶችን በቀን ስንት መክፈል እንደሚችሉ እጠይቃለሁ፣ ከዛ በፊት ቆርቆሮ አልገዛም።

አንድ ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰውም፣ መልስ 21 ናት፣ ዛሬ ጠዋት የገባችው። እናቷ ገጠር ናቸው፣ መጻፍ አይችሉም፣ የሚልኩላት ሁሉ ቮይስ ነው። የቤተሰብ ነገር፣ ማን ለማን ስንት እንዳበደረ፣ የመሬቱ ድንበር የት እንደሆነ፣ የመድኃኒት ስም፣ ደሞም ልጅሽን እንዲህ አድርጊ የሚል ምክር፣ ሁሉም ተደባልቆ ከሦስት መቶ በላይ ሆኗል። ቮይስ ሰርች አይደረግም፣ ተቀምጦ መስማትም ጊዜ ይፈልጋል፣ ማጥፋት ደሞ የእናት ድምጽ ነው አይቻልም። እኔም የደንበኛ ቮይስ አለብኝ ግን የሷ ሌላ ነው። ይሄን በተግባር የሞከራችሁ ካላችሁ ለ21 መልሱላት፣ እየጠበቀች ነው።